የፉድ ትራክ ሳንዱች በመሃል አዲስ አበባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ ነው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ጠረጴዛዬ አጠገብ ሰው ይበዛል። "ያ መኪና ዛሬ መጥቷል?" "ጾም ነው፣ ምን ይሻለኛል?" "ባለፈው ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ፣ ከዚያው ይሆን እንዴ?" ለሦስት ዓመት ከመኪና መስኮት ሳንዱች ስለገዛሁ ሰው እንደ ባለሙያ ቆጥሮኛል። ባለሙያ አይደለሁም፤ በላተኛ ነኝ። ግን አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። (ሜኑው ላይ "ሳንድዊች" ይላል። አፋችን ግን "ሳንዱች" ነው የሚለው፤ እኔም በአፋችን ልጽፍ።)

ፉድ ትራክ ስንል ምን ማለታችን ነው?

መኪና ላይ የተሠራ ወጥ ቤት። አንዳንዱ አሮጌ ቮልስ ኮምቢ ነው፣ አንዳንዱ ጎኑ ተቆርጦ መስኮት የወጣለት አይሱዙ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎማ አለው እንጂ ከቆመበት ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። ውስጡ ብረት ምጣድ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ በርሜልና ሁለት ሰው አለ። ሁለቱ ሰዎች በዚያች ጠባብ ቦታ ሳይጋጩ እንዴት እንደሚሠሩ ቆሞ ማየት ብቻውን ምሳ ነው።

"ደሊ" የሚሉት ሳንዱች ከለመድነው በምን ይለያል?

ደሊ የኒው ዮርክ ወግ ነው። ቃሉ "ደሊካተሰን" ከሚለው ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን የተዘጋጀ ሥጋ፣ ቺዝና በአቼቶ የተቀመጠ አትክልት የሚሸጥበትን ሱቅ ይመለከታል። ኒው ዮርክ ላይ ስሙን ካስጠሩት ዋነኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የሄዱ አይሁዶች ናቸው።

የደሊ ንጉሥ ፓስትራሚ ነው። የበሬ ፍርምባ ወይም ከእሱ ዝቅ ያለው የሆድ ሥጋ በጨው ውሃ ለቀናት ይነከራል። ከዚያ በቁንዶ በርበሬና በድንብላል ይታሻል፣ በጭስ ይበስላል፣ መጨረሻ ላይ በእንፋሎት ይለሰልሳል። ኮርንድ ቢፍ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱም በጨው ይነከራል፣ ግን አይጨስም፣ ይቀቀላል። "ኮርን" የሚለው ከበቆሎ ጋር ምንም አያገናኘውም። ድሮ ሥጋው የሚታሽበት ጨው እንደ እህል ፍሬ ትልልቅ ስለነበር ነው። ነገሩን ከቋንጣ ጋር ብታነጻጽሩት ይገባችኋል። ሁለቱም ሥጋን ለማቆየት የተፈጠሩ ዘዴዎች ናቸው። እኛ አደረቅነው፤ እነሱ ጨው አጠጥተው እርጥቡን አኖሩት።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ላይ "ፓስትራሚ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ "እንዴት ነው የሚዘጋጀው?" ብላችሁ ጠይቁ። እስካሁን ከበላሁት አብዛኛው በምድጃ የበሰለ የበሬ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ነው። ስሙ ትንሽ ተጋንኗል። ሥጋው ከለሰለሰና የሥጋውን ጭረት (የክሮቹን አቅጣጫ) አቋርጠው ከቆረጡት ግን አልጣላም። ጭረቱን ተከትለው ከቆረጡት ማስቲካ ነው የምታኝኩት።

የኛ የራሳችን የደሊ መስመር በጣሊያን በኩል ነው የመጣው። ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፣ ፉርኖ፣ አቼቶ፣ ስጎ፤ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ስለዚህ በስሱ የተቆረጠ ቀዝቃዛ ሥጋ በዳቦ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ መኪናው ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ኒው ዮርክ ላይ ፓስትራሚ ወዳጁ ሰናፍጭ እንጂ ማዮኔዝ አይደለም። ጥሬ ሥጋን በአዋዜና በሰናፍጭ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ማስረዳት አያስፈልገውም። መኪናው ላይ ሰናፍጭ ካለ በማዮኔዙ ፋንታ እሱን አስቀቡ። የሱፐርማርኬቱን ቢጫ ሙስታርድ ሳይሆን አፍንጫ የሚነድለውን የቤቱን።

እርጥብስ? እርጥብ ሳንዱች ነው?

በዳቦ መሃል የተጠበሰ ድንች፣ ከላይ ቃሪያ የገባበት የቲማቲም ስጎ። ዳቦ አለ፣ መሃሉ ላይ ነገር አለ። ሳንዱች ነው፤ ክርክሩን ዘግቻለሁ።

ጥሩውን መኪና ከመጥፎው በምን ልለይ?

በቀለሙና በአምፖሉ አትለዩ። በዳቦው ለዩ።

ይህን ሁሌ ስናገር ሰው ይስቃል። ግን አስቡት፤ የሳንዱች ግማሹ ዳቦ ነው። ሥጋውን አሳምሮ ዳቦውን የረሳ ሰው ሳንዱች አልሠራም፤ ሥጋ ጠቅልሎ ሰጣችሁ። ፉርኖ ጠዋት ሲወጣ ልጣጩ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ይሳባል። ከሰዓት በኋላ መድረቅ ይጀምራል። በማግስቱ ለኮቾሮ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው "ዳቦው መቼ መጣ?" ነው። ጥሩ ሻጭ በዚህ አይከፋም። "አምስት ሰዓት ላይ ነው የመጣው፣ ንኪው" ብላ ያቀበለችኝ ልጅ አለች። እስካሁን ደንበኛዋ ነኝ።

ሁለተኛው ምልክት የተቆረጠውን የዳቦ ፊት ብረት ምጣዱ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው ፊቱ ቡናማ እስኪሆን ያቆዩታል። ለጣዕም ብቻ አይደለም። የተጠበሰው ፊት ስጎውንና የቲማቲሙን ውሃ ቶሎ አያስገባም። ይህ ካልተደረገ ሳንዱቹ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ በእጃችሁ ይፈርሳል። ሸሚዝ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ሰልፉ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ማንም ያልቆመበት መኪና ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል። ሰልፍ ያለበት ቦታ ዕቃው ይዞራል፤ የጠዋቱ ሥጋ እስከ ማታ አይቆይም።

ሥጋው የክርስቲያን ነው የሙስሊም?

መጠየቅ ነውር የለውም። በዚህ ከተማ ሥጋ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ጥያቄ ይጠብቃል። ብዙዎቹ መስኮቱ አጠገብ መስቀል ወይም "ሐላል" የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። ካልለጠፉ "ሥጋው የማን ነው?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ እንቁላል ወይም አትክልት እዘዙ።

እኛ ቢሮ ስድስት ሆነን ነው የምንወጣው፤ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። አብሮ ለመብላት ያገኘነው መላ ቀላል ነው፤ ሁሉም ከየሚሆነው መኪና ይገዛና አንድ ግንብ ላይ እንቀመጣለን።

ሞርታዴላው አሳማ አለበት?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጣሊያኑ የቦሎኛ ሞርታዴላ አሳማ ነው፤ እነዚያ ነጭ ነጠብጣቦችም የአሳማ ስብ ናቸው። እዚህ ገበያ ላይ ግን ከበሬ ወይም ከዶሮ የተሠራም አለ። ማሸጊያውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በስሱ ከተቆረጠ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም። "አይ የለበትም" ብቻ በቂ መልስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ልጅ ራሱ አያውቅም።

ረቡዕና ዓርብ ምን ልብላ?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገድፈው እዚህ ነው።

"የጾም ሳንዱች" ሲባል ብዙውን ጊዜ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ድንች ወይም እንጉዳይ ነው። ፈላፍል ያላቸውም አሉ። እስከዚህ ሰላም ነው። ችግሩ የሚደበቀው በሌላ ቦታ ነው። ማዮኔዝ እንቁላል ነው። የጾም ማዮኔዝ የሚሠሩ አሉ፣ ግን ካልነገሯችሁ የተለመደው ነው ብላችሁ ያዙ። የበርገር ዳቦ ብዙ ጊዜ ወተት ወይም ቅቤ ይገባበታል፣ የሚያብለጨልጨው ፊቱም እንቁላል ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ፉርኖ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። ከዚያ ብረት ምጣዱ አለ። ሥጋ የተጠበሰበት ምጣድ ላይ የእናንተን ዳቦ ካሞቁት ጾሙ የት አለ? "ለጾም የተለየ ምጣድ አላችሁ?" ማለት ልመዱ።

ዓርብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ስለሆነ ሰልፉ ይሳሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ባልደረቦቻችን ሲወጡ ግን ብዙ መኪኖች ዳቦ ጨርሰዋል። በጠዋቱ ደውለው አንድ ሳንዱች የሚያስቀምጡ አሉ፤ ብልጠት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በዚያ ጊዜ የጾም ሳንዱች ፈልጋችሁ ብታጡ አትገረሙ። በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንዳንዱ መኪና ምጣዱን ፍቆ ሙሉ በሙሉ ወደ ጾም ይዞራል፣ አንዳንዱ ዘግቶ እረፍት ይወጣል።

ቱና ሳንዱችስ የጾም ነው?

ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከኔ በላይ ነው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ ማለት የምችለው ይህን ብቻ ነው፦ የመኪናው ቱና ሳንዱች አብዛኛውን ጊዜ በማዮኔዝ የተለወሰ ነው፤ ስለዚህ ዓሣው ቢፈቀድላችሁም ሳንዱቹ አይፈቀድም።

ሆዴን እንዳያመኝ ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ፀሐዩ የሚያቃጥል የሚያዝያ ቀን ነው። መኪናው አዲስ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። የማዮኔዙ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። አየሁት። "ተዪው፣ ይቅርብሽ" ብሎ ልቤ ነገረኝ። ሆዴ ግን ከልቤ ይበልጣል፤ በላሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ከመጸዳጃ ቤት አልራቅሁም። የቤት ማዮኔዝ ከጥሬ እንቁላል ነው የሚመታው፤ በሙቀት ቦታ ለመበላሸት ሰዓታት ይበቁታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ ውስጥ ያሉ ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛው ከዚያ በታች፣ ትኩሱ ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። በመሃሉ ከሁለት ሰዓት በላይ የተቀመጠ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ማዮኔዝ አይበላም። ስለዚህ ሞርታዴላው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ እዩ። ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ሂዱ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ጆሯችሁን አቁሙ። ጄኔሬተሩ ይሰማል? ካልተሰማ ማቀዝቀዣው ቁም ሳጥን ሆኗል ማለት ነው፤ ያን ቀን ምጣድ ላይ የሚበስል ነገር እዘዙ።

ሰላጣው ሌላ ጉዳይ ነው። ለከተማችን ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል የተወሰነው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማ ነው፤ ውሃው ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ የሚወርድ ነው። በደንብ ያልታጠበ ጥሬ ሰላጣ ለሆድ አደጋ ነው። "ሰላጣውን በምን ታጥቡታላችሁ?" ስል "በውሃ" ያለኝ አለ፣ "በውሃ አጋር (በውሃ ማከሚያው ክሎሪን) ዘፍዝፈን በንጹሕ ውሃ እናለቀልቃለን" ያለኝም አለ። የማን ደንበኛ እንደሆንኩ መገመት አያቅታችሁም። ካልተማመናችሁ "ሰላጣ ይቅር፣ ቃሪያና ሽንኩርት አብስላችሁ ጨምሩልኝ" ማለት ይቻላል።

የተቀቀለ እንቁላል ያለበት ሳንዱች የምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንቁላሉ ከቆላ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ችኩል ወጥ ቤት የቀቀለው እንቁላል መሃሉ ይንጠባጠባል። ወደዳችሁትም አልወደዳችሁትም፣ መንገድ ላይ ግን ጠንክሮ የበሰለውን ምረጡ።

እጅንም እዩ። ብር የሚቀበለው እጅና ዳቦ የሚይዘው እጅ አንድ ከሆነ ጓንት ማድረጉ ምንም አይረዳም። ጓንት ብር ነክቶ ዳቦ ሲነካ ያው እጅ ነው።

ከታመማችሁ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ጠጡ። ደም ካያችሁ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ የሰፈር ምክር ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የት ነው የሚቆሙት?

ሰው ያለበትን ይከተላሉ፤ ምሳ ላይ መሥሪያ ቤት የበዛበትን፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ መዝናኛውን። የኮሪደር ልማቱ የመሃል ከተማውን መንገድ ሁሉ ስለቀየረው አምና የምታውቁት ጥግ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የመኪናውን ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ እዩ። መስቀል አደባባይ ዙሪያ የምትሄዱ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። መስከረም 16 ደመራ ነው፣ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ መኪናውም የለም፣ እናንተም አትደርሱም።

ክፍያው እንዴት ነው?

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ብዙዎቹ ቁጥራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈዋል። የባንክ ዝውውርም ይቀበላሉ። ጥሬ ብር ይዛችሁ መውጣት ግን አይከፋም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሳንዱቹ በሰው እጅ ሆኖ እናንተ ስልክ ወደ ሰማይ አንስታችሁ መዞር አለ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ይህን እስክታነቡት ይለወጣል። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን ይጨምር አይጨምር ግን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለስድስት ሰው ስታዝዙ ልዩነቱ ወደ አንድ ሳንዱች ይጠጋል።

መንገድ ዳር ቆሞ መብላት ነውር አይደለም?

እናቴ ብትሰማ ነውር ነው። እሷ ባደገችበት ቤት ምግብ የሚበላው ተቀምጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ አብሮ ነው። አደባባይ ላይ አፍ ከፍቶ መብላት ለቡዳ ዓይን ራስን ማጋለጥ ነው። አንድ ጊዜ ስታዲየም ጋ በመኪና ስታልፍ አየችኝ። ማታ ደውላ "ቤት የለሽም እንዴ?" አለችኝ።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው፤ ደንቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የሚያውቃችሁ ሰው ሲያልፍ "እንብላ" በሉ። እሱም "ብሉ ብሉ" ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዴ ግን ይቆማል፣ ለዚያም ተዘጋጁ። ሳንዱቹ ለሁለት ተቆርጦ እንዲመጣ ማዘዝ ለዚህ ይጠቅማል። በመኪናው ዙሪያ የሚያንዣብቡ ልጆች አሉ። መስጠት ካሰባችሁ የተረፋችሁን ሳይሆን ሳትነክሱት ቆርጣችሁ ስጡ። የተነከሰ ዳቦ ከእጅ ሲሰጥ የተቀባዩን ፊት ካያችሁ ይገባችኋል።

እጅ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ነው። ወረቀቱንና ሶፍቱን መሬት አትጣሉ፤ ደንብ አስከባሪ ባያያችሁ እንኳ ባለመኪናው ነው የሚወቀሰው።

ወደ ቢሮ ይዤው ብሄድ ይቆያል?

ቀዝቃዛው ይቆያል፣ ትኩሱ አይቆይም። ትኩስ ሳንዱች በፎይል ተጠቅልሎ በፌስታል ሲገባ በራሱ እንፋሎት ይላባል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የምትከፍቱት የረጠበ ስፖንጅ ነው። በወረቀት ብቻ አስጠቅልሉና ጫፉን ክፍት ተዉት። ስጎውን ለብቻ አስይዙ። ክረምት ላይ ግን ሌላ ስሌት ነው። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ውጡ፣ ደመናው ከጠቆረ ላብ ያለበትም ቢሆን በፌስታሉ ይዛችሁ ሩጡ።

ሚጥሚጣ ምን ያህል ይገባበት?

"ትንሽ" ስትሉ የመኪናው ትንሽና የእናንተ ትንሽ አንድ አይደሉም። ለልጅ ከሆነ "ምንም" በሉ። ለራሳችሁ ከሆነ በወረቀት ለብቻ ይስጧችሁ።

ጉርሻ መስጠት አለብኝ?

ግዴታ የለባችሁም። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ብርጭቆ አለ፤ መልስ ከተረፋችሁ ጣሉበት። እኔ ደንበኛ ያደረግኋት ልጅ ጋ አንድ ቀን አሥር ብር አውጥቼ "ጉርሻ ነው" ስላት ከምጣዱ አንድ የተጠበሰ ድንች በሹካ አንስታ "ይኸው፣ ጉርሻ በጉርሻ" ብላ አቀበለችኝ። በጣም ትኩስ ነበር።